የሚጠጣ ጢስ

የቀድሞ ሰዎቻችን ስለ ትምባሆ ሲያወጉ «አጨስን» ማለት አያዘወትሩም፤ «ጠጣን» ነው የሚሉት። ጋያ ይጠጣል፤ ሲጋራም በመጣ ጊዜ በዚያው ግስ ተስተናገደና «እገሌ ሲጋራ ይጠጣል» ተባለ። ከተሜው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል፤ ጢስ ደግሞ እንዴት ይጠጣል ብሎ። ነገር ግን በዚህ አነጋገር ብቻችንን አይደለንም። ዐረቡም ቱርኩም ትምባሆን «ይጠጣል» ይላሉ። እንግሊዙም ቅጠሉ ገና እንግዳ በነበረበት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ በራሱ ቋንቋ «መጠጣት» ይለው ነበር።

እኔ ይህን አነጋገር እንደ ስሕተት አልቆጥረውም። ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከተናጋሪው ቀድሞ ያውቃል። ከሚነድ ትምባሆ የሚወጣው ጢስ ደረቅ ነገር አይደለም፤ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ አብሮት ይወጣል። ውሃው ሲያንስ ጢሱ ይሻክራል፤ ሲበዛ ደግሞ ምላስ ይለበልባል። ጢሱ የሚለሰልሰው ውሃው ልክ ሲሆን ነው። እንግዲህ የትምባሆን ታሪክ የእሳት ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ይጽፋል፤ ግማሹ የውሃ ታሪክ ነው። በዚህች መጣጥፍ የማወጋችሁ ስለዚህኛው ግማሽ ነው፤ መድረኩም የእኔው አገር፣ ደሴና ኮምቦልቻ ነው።

*

በቅድሚያ ራሴን ላስተዋውቅ። ኑሮዬ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። ባንክ ቤት ከመስኮት ጀርባ ተቀምጬ ብር እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ትምባሆ አልጠጣም። ስለ እርጥበት ግን ሙያዬ በግድ አስተምሮኛል። ከጎኔ ውሃ የጠጣች ስፖንጅ አለች፤ ጣቴን ሳላስነካት አዲስ ብር መቁጠር አልችልም፤ ሁለቱ እንደ አንድ ተጣብቀው ያልፉኛል። ስፖንጇ በጣም ከራሰች ደግሞ ብሩ ይለጥፍና ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ወረቀትም ቅጠልም የአንድ ዘር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከዕፅ ይወለዳሉ፤ ሁለቱም አየሩ የሰጣቸውን ውሃ ይቀበላሉ፤ አየሩ ሲጠይቃቸውም ይመልሳሉ።

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል፣ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናት። በሐምሌ ጧት ደሴ በጉም ተሸፍና ሳለ ሚኒባሱ በሐረጎ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጉሙ ከላያችን ይቀራል፤ ሙቀቱም በአራት ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። አየር ሲሞቅ ውሃ የመሸከም ዐቅሙ ይጨምራል፤ ስለዚህ ደሴ ላይ ያጨማደደኝ አየር ያንኑ ውሃ እንደ ተሸከመ ኮምቦልቻ ሲደርስ የተጠማ አየር ይሆናል። ደሴ ላይ ለስልሶ ያደረ ወረቀት ኮምቦልቻ ላይ ይንኮሻኮሻል። ትምባሆም እንዲሁ ነው። የአንድ ቆርቆሮ ትምባሆ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ሁለት ዓይነት ትምባሆ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

*

ቅጠሉ ለእኛ እንግዳ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ከዚያ እስከ ደረሰበት ቀን ድረስ ሌላው ዓለም አያውቀውም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በመርከብ ሲጓዝ ቀኝና ግራ አላለም፤ በቱርኮች ግዛትና በቀይ ባሕር ንግድ በኩል ወደ እኛም ዘለቀ።

ትምባሆ ከእርሻ ሲለቀም ከክብደቱ ከመቶ 80 እስከ 90 የሚሆነው ውሃ ነው። የአዘጋጁ ጥበብ ሁሉ ይህን ውሃ በልኩ ማስወጣት ነው። አንዳንዱ ቅጠል በጥላ ስር በነፋስ ይደርቃል፤ አንዳንዱ በፀሐይ፤ ቨርጂኒያ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የጋለ አየር በሚገባበት ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ለቀናት ይቆያል። በመጀመሪያ በዝቅተኛ ሙቀት ይወይባል፤ ቀጥሎ ገላው ይደርቃል፤ በመጨረሻ ከሁሉ የሚዘገየው የመካከሉ ዘንግ ይደርቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚመጣ መንገደኛ ሸዋ ሮቢትን ሲያልፍ የትምባሆ እርሻውን ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ የአገራችን ትምባሆ ከበቀለባቸው ስመ ጥር ቦታዎች አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ አንድ ለየት ያለ ነገር ይመጣል። ደርቆ ያለቀውን ቅጠል ወዲያው የሚነካው የለም። እንደ ድርቆሽ ሆኗልና በነኩት ቁጥር ይደቅቃል፤ የወራት ድካም በአንድ ጭብጥ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ እንደ ገና እርጥበት እንዲያገኝ ይጠበቃል፤ የሌሊት አየር ይገባለታል ወይም እንፋሎት ይሰጠዋል። ቅጠሉ ሲለዝብና መታጠፍ ሲችል ብቻ እጅ ይዘረጋለታል። ይህችን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

*

ጋያ የኛው አገር ሰው ለውሃው ልክ የሰጠው መልስ ነው። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ነው። ዕቃው ቀላል ነው፤ በግማሹ ውሃ የሚቋጥር ቅል፣ ትምባሆውና ፍሙ የሚቀመጡበት የሸክላ አናት፣ ጢሱን የሚያወርድ መቃ፣ ለአፍ የሚሆን ሌላ መቃ። ሰውየው ሲስብ ጢሱ በውሃው ውስጥ እየተንደቀደቀ ያልፋል፤ በርዶና ረጥቦ ይወጣል። ቅጠሉ ምንም ቢደርቅ ውሃው ያስታርቀዋል። «ጠጣ» የሚለው ግስ እዚህ ላይ ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ ልብ በሉ፤ ቅሉ ያው የጠላና የውሃ ቅል ነው፤ ድምፁም የመጠጥ ድምፅ ነው።

በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን ይህ ዕቃ የተጠላ ነበር። ትምባሆ በመናፍቁ በአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው የሚል ተረት በሕዝቡ ዘንድ ይነገራል። አርዮስ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተወገዘ ሰው ነው፤ ቅጠሉ ወደ አሮጌው ዓለም የመጣው ከዚያ 1100 ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ተረቱ የዘመን ቁጥር አይገደውም፤ የሚገደው ወሰን ማበጀት ነው። ቡናና ጫት የእስላም፣ ትምባሆም የእስላምና የ«አረማዊ» ተብለው ተመደቡ። ሰው በሚያምነው ብቻ ሳይሆን በሚጠጣውም ይታወቅ ጀመር።

ይህ ወሰን ወሎ ላይ ሲደርስ ይደበዝዛል። በወሎ አንዱ ወንድም ሙሐመድ፣ ሌላው ገብረ ማርያም ሊባል ይችላል፤ ቡናው አንድ ነው፤ ለቅሶው አንድ ነው፤ ሠርጉ አንድ ነው። ወሰኑን በሰይፍ ለማጥራት የተሞከረውም እዚሁ ነው።

ከደሴ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በዚያ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው የቤተ ክርስቲያኒቱን የቆየ የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ አሸናፊነት ዘጋው። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ የወሎን ሙስሊም የሚመለከት ነበር፤ የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጥቶት ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። የወሎው መሪ ሙሐመድ ዓሊ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና አባታቸውም ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። የኋላው ንጉሥ ሚካኤል፣ የደሴ ባለ ቤተ መንግሥት፣ እኒሁ ናቸው። አልነሣም ያለው ሸፈተ፤ ተሰደደ፤ ተዋጋ፤ ሞተ። ከተነሡትም ብዙዎቹ «በቀን ክርስቲያን፣ በሌሊት እስላም» እስኪባል ድረስ ሁለቱንም በልባቸው አኖሩ።

የትምባሆው እገዳ የዚሁ መንፈስ ልጅ ነው። ዐፄ ዮሐንስ ትምባሆን ከለከሉ፤ ቅጣቱም የዘመኑ ተጓዦች እንደ መዘገቡት ለሚጠጣው ከንፈሩን፣ ሱረት ለሚስበው አፍንጫውን መቁረጥ ነበር። ኃጢአቱ የገባበት በር እንዲፈርስ ተፈረደ ማለት ነው።

ይህን ሰምቶ የአገሩን ጭካኔ ብቻ የሚያይ ሰው ወደ ሌላው ዓለምም ይመልከት። የእንግሊዙ ንጉሥ ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1604 ትምባሆን የሚያወግዝ መጽሐፍ በገዛ እጁ ጻፈ። የቱርኩ ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1633 ከልክሎ አጫሹን በሞት ቀጣ። በዚያው ክፍለ ዘመን በሩሲያ የአጫሹ አፍንጫ በሕግ ይሰነጠቅ ነበር። ነገሥታት በየአገሩ ከዚህ ቅጠል ጋር ተዋግተዋል፤ የተሸነፉትም ሁሉም ናቸው። ቱርክ የትምባሆ አገር ሆነች፤ የጄምስ መንግሥት ከቨርጂኒያ ቅጠል ቀረጥ ሰበሰበ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አልራቀም። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። እገዳው ላላ፤ ቡናም ከክርስቲያኑ ጓዳ ገባ፤ ትምባሆም ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1942 ደግሞ ትምባሆ በሞኖፖል በመንግሥት እጅ ገባ። ከቦሩ ሜዳ እስከዚያ ድረስ 64 ዓመት ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከንፈር ይቆርጥ የነበረው መንግሥት ለዚያው ከንፈር ትምባሆ የሚሸጥ መንግሥት ሆነ።

አሁን ያችን ቅጠል አስታውሱልኝ። እርጥበት ሳይሰጧት የነኳት ቅጠል ትደቅቃለች ብያችሁ ነበር። የቦሩ ሜዳው ትእዛዝ ደረቅ እጅ ነበር፤ የነካውን ሰው ሁሉ ቢያደቅቀውም ማጠፍ ግን አልቻለም። ወሎ ያለፈችው በለዘብታዋ ነው፤ ታጠፈች እንጂ አልተሰበረችም። በሌላ በኩል ደግሞ ታሪክ ምጸት ይወዳል። ከጉባኤው አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ እኒያው ንጉሥ በዚህ አካባቢ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደነቁና ለሥፍራው ደስታዬ ሲሉ «ደሴ» የሚል ስም አወጡለት ይባላል። ከንፈር ያስቆረጠው አንደበት ለከተማችን ያወጣላት ስም የደስታ ስም ነው።

*

የፒፓ ትምባሆን፣ በተለይም ሽቱ የገባበትን፣ ያወቅሁት በአባቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጋሼ እንላቸው ነበር። ኮምቦልቻ ተቀምጠው በአሰብ መሥመር ተሳቢ የሚነዱ ሹፌር ነበሩ። ያ ዘመን ኮምቦልቻ የወደብ መንገድ በር የነበረችበት ዘመን ነው፤ መኪናው ከባቲ ቁልቁል ወርዶ ሚሌን ይዞ በአፋር በረሃ ወደ ባሕር ይገባል። ጋሼ ሲመለሱ ከመርከበኞች የገዟትን ክብ የትምባሆ ቆርቆሮ ይዘው ይመጣሉ። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱ ቫኒላና ማር፣ አንዳንዴም የቼሪ ፍሬ ይሸታል።

ይህ ዓይነቱ ትምባሆ ከተራው ይለያል። ቅጠሉ በእንፋሎት ተቀቅሎና ተጨምቆ ይጠቁራል፤ ካቨንዲሽ ይሉታል። ከዚያ ስኳርና ሽቱ ይጠጣል፤ እንዳይደርቅም ግሊሰሪን ወይም ፕሮፒሊን ግላይኮል ይገባበታል። እነዚህ ነገሮች ውሃን አይለቁም፤ ከአየርም ይስባሉ። ስለዚህ ከቆርቆሮው እንደ ወጣ የሚለኮስ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከልክ በላይ ረጥቦ ነው የሚገኘው። ረጥቦ ሳለ የለኮሰው ሰው እሳቱ ቶሎ ቶሎ ይጠፋበታል፤ እንዳይጠፋ አጥብቆ ሲስብ ፒፓው ይግላል፤ ውሃው ይፈላል፤ እንፋሎቱ ምላሱን ይለበልባል፤ ከጉድጓዱ ስር የተጠራቀመው ፈሳሽም እንደ ጋያ ይንደቀደቃል። ከልክ በላይ የደረቀው ደግሞ እንደ ገለባ ይነድዳል፤ ሽቱው ከጢሱ በፊት ይበንናል። አዋቂዎቹ ለፒፓ ይስማማል የሚሉት ከመቶ 12 እስከ 16 ያህል እርጥበት ሲኖረው ነው።

ጋሼ መቶኛ አያውቁም። ከአሰብ ሲነሡ አንዷን ቆርቆሮ ለመንገድ ይከፍታሉ፤ እስኪመለሱም ጠባይዋን ሲያጠኑ ይመጣሉ። «አሰብ ላይ ያብጣል፣ በረሃው ላይ ይሰበራል፣ ባቲ ሲደርስ ልብ ይገዛል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይታረማል፣ ደሴ ላይ ያለቅሳል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ደሴ ወደ እኛ ቤት ከመውጣታቸው በፊት ኮምቦልቻ ላይ በጋዜጣ ዘርግተው ያናፍሱታል። ደሴ ከደረሱ በኋላ እንደ ገና ይመረመራል። ፈታኙ እኔ ነበርሁ።

«ና እስቲ፣ አንተ ዳስሰው፤ የኔ ጣት በመሪ ደንዝዟል» ይሉኛል። በሁለት ጣቴ ቆንጠር አድርጌ እጫነዋለሁ፤ ከዚያ እለቀዋለሁ።

«እንዴት ነው?»

«እንደ በሶ ይዟል፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ገና ነው፤ ቡናው ቶና እስኪደርስ ይቆይ።»

ቶና ይደርሳል። እንደ ገና እዳስሰዋለሁ።

«አሁንስ?»

«ስለቀው ቀስ ብሎ ተፈታ። አልተጣበቀም፤ አልተሰበረም።»

«በል እሱ ነው ልኩ!»

ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ፈተና ጋሼ በበሶ አስተማሩኝ። በጣት ተጭነው ሲለቁት ድቡልቡል ሆኖ ከቀረ ረጥቧል፤ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል፤ ተንፍሶ ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ደርሷል። ለማድረቅ ወደ ምድጃ አያስጠጉም፤ እሳት ሽቱን ቀድሞ ይወስደዋልና። የደረቀውንም ውሃ አይረጩበትም፤ በጎድጓዳ ሳህን ያደርጉና ሳይነካው ከላይ እርጥብ ጨርቅ ያለብሱታል። ቅጠሉ ከጨርቁ የሚያስፈልገውን ቀስ በቀስ ይጠጣል። የብርቱካን ልጣጭ ወይም ድንች ከቆርቆሮው ውስጥ የሚከቱ ሹፌሮችን ይስቁባቸው ነበር፤ «ሻጋታ እያረቡ ነው» እያሉ።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፤ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጋሼም መሪውን ተዉ። በእጃቸው የቀረችው አንዲት ያልተከፈተች ቆርቆሮ ነበረች። በዓውደ ዓመት ብቻ ይከፍቷታል፤ በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ነፍስ ይዘሩባታል። ዓመታት ካለፉ በኋላም ቫኒላዋ ጥቂት ጥቂት ይሸት ነበር። እኔ ግጥም መሞከር የጀመርሁት በዚያ ሰሞን ነው፤ ቃልም እንዲሁ እየተዳሰሰ፣ እየተናፈሰ፣ ሲፈታ እየተጠበቀ እንደሚጻፍ ከዚያች ቆርቆሮ የተማርሁ ይመስለኛል።

*

ወጌ እዚህ ላይ ቢቆም መልካም ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ሌላ ገጽ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1795 ሳሙኤል ቶማስ ፎን ዞመሪንግ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ፒፓ በሚያጨሱ ሰዎች ከንፈር ላይ ካንሰር እንደሚበዛ ጻፈ። ስለ ትምባሆና ስለ ካንሰር ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ ቃላት መካከል እነዚህ ናቸው። ከንፈር! ዐፄ ዮሐንስ በቢላዋ የፈረዱበትን ያንኑ ሥፍራ ቅጠሉ ራሱ ያለ ፈራጅ ይቆርጠዋል። ዛሬ የታወቀው ከዚያ እጅግ የሰፋ ነው፤ ምላስ፣ ጉሮሮ፣ ሳንባ፣ ልብ። የዓለም ጤና ድርጅት ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው እንደሚገድል ይናገራል። የጋያው ውሃም መርዙን አያጣራም፤ ጢሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ያለሰልሰዋል፤ መጥፎነቱም ይኸው ነው፤ የለሰለሰ ጢስ ብዙ ይጠጣል።

ጋሼን የወሰዳቸው የጉሮሮ ሕመም ነው። በመጀመሪያ ድምፃቸው ሻከረ፤ በኋላ ተለያቸው። በበረሃ ሌሊት ከሞተር ድምፅ በላይ ያንጎራጉሩ የነበሩት ሰው በመጨረሻ በእጃቸው ምልክት ነበር የሚናገሩት። ለዓመታት ያን ያህል ሲጠነቀቁለት የኖሩት ልክ የጢሱን ልብላቤ አስቀረ እንጂ ጢሱን አላስቀረም። እንዲያውም አሁን ሳስበው የእርጥበቱ ጥበብ ሁሉ መርዙን ለማለዘብ የተደከመበት ጥበብ ነው። ደረቁ ቅጠል ሻካራ ነው፤ ገና በሩ ላይ ያስላል፤ ይከለክላል። ልኩን ያገኘው ግን እንደ ወዳጅ ይገባል።

አገራችን በ2006 ዓ.ም. ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት አጸደቀች። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። አዋጁ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ሥፍራ ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ አድርጓል፤ ሺሻን አግዷል፤ ልዩ ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆም እንዲሁ። የጋሼ ቫኒላ ዛሬ በአገሩ ሕግ የተከለከለ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን፣ ባንክ ቤት እንደሚውል ሰው፣ ሌላውንም ሒሳብ ልጥቀስ፤ ከሞኖፖሉ የወረደው ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት ወደ ውጭ ኩባንያ ሲዛወር ጃፓን ቶባኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ለ40 በመቶው 510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ለተጨማሪ 30.95 በመቶ 434 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። በአንድ እጅ የሚከለከለው በሌላው ይሸጣል፤ ይህ ጠባይ ከጄምስ ዘመን ጀምሮ አልተለወጠም።

ያም ሆኖ በሁለቱ እገዳዎች መካከል ያለውን ልዩነት አሳንሼ አላየውም። የፊተኛው የመጣው «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ነው፤ ቅጠሉን ምክንያት አድርጎ ሰውየውን ከወገኑ ሊለይ። የኋለኛው የመጣው «ጉሮሮህ እንዴት ነው?» ብሎ ነው፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ጉሮሮ ቆጥሮ። የፊተኛው ደረቅ እጅ ነበር፤ ሰውን አደቀቀ። የኋለኛው ሰውን እንዲያጥፍ ከተፈለገ ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ፤ በየገጠሩ ጋያውን ታቅፈው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ወንጀለኞች አይደሉም፤ የአያቶቻቸው ከንፈር በቢላዋ የተፈተነ ሰዎች ናቸው። ወደ እነርሱ የሚሄድ ሐኪም ከአዋጁ ጋር ጥቂት ጠል ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ደርቆ ያለቀውን ቅጠል ከመንካት በፊት የሌሊት አየር ይገባለታል፤ ይህን ገበሬው ያውቃል።

እኔም ባንክ ቤታችን ግድግዳ ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍ ባየሁ ቁጥር ጽሑፉ ዕድሜ ይስጠው እላለሁ። ቢሆንም ጣቴን ወደ ስፖንጇ ስሰድድ የሚታወሰኝ ያ በሶ፣ ያ ቶና፣ ያ «እሱ ነው ልኩ» የሚል ድምፅ ነው። ለዚያ ድምፅ ይህችን ጥቂት ስንኝ ትቻለሁ።

ደርቆ ከተገኘ በጣት መሃል ያልቃል፤
ረጥቦ ከተገኘ እሳት አፍኖ ያንቃል፤
ልኩን የያዘ ሰው በዝናብ በበጋ፣
ጎንበስ ብሎ ያልፋል ዘመን እስኪነጋ።
አንቱ ግን ጋሼዬ ልኩን ያወቁለት፣
ጢሱ ጠጣዎ እንጂ መቼ አንቱ ጠጡት።